ከተረቱ በስተጀርባ ያለው ተዋናይ

ተስፋዬ ሣህሉ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የተሰናበትናቸው «አባባ ተስፋዬ» ብለን ነው። ስሙ ያንሳቸዋል ባልልም ተዋናዩን እንደ ሸፈነው ግን እሟገታለሁ።

እኔ ባደግሁበት በሰሃላ ቴሌቪዥን አልነበረም። ተረቶቻቸውን የሰማሁት ከአንድ መምህራችን አፍ ነው፤ ድምፃቸውን እያስመሰለ ጅቡንም አህያዋንም ይሆንልን ነበር። ኋላ ሰቆጣ ሄጄ በቴሌቪዥን መስኮት ሳያቸው ተገረምሁ። አባባ ከወንበራቸው እንኳ ብዙም አይነሡም፤ ሁሉን የሚሠራው ድምፃቸውና ፊታቸው ነው።

ይህ ችሎታ ከየት መጣ? ከመድረክ ነዋ! ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን ሴት ሆነው የተጫወቱ፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች ያዝናኑ፣ በብሔራዊ ቴአትር የሠሩ፣ ምትሃትም ያሳዩ ሰው ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥን ያገኛቸው በስለው ነው፤ የልጆችን ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ የተሸከመውም ይኸው የመድረክ ስንቅ ነው።

እንከን የለባቸውም አልልም። በተረቱ መጨረሻ የሚመጣው ምክር አንዳንዴ ሳቁን ያፍነዋል፤ ልጁ በራሱ የደረሰበትን ደግመው ይነግሩታል። እኔ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ የቀረው ምክሩ ሳይሆን የጅቡ ድምፅ ነው፤ ያውም በሰው አፍ ተሻግሮ።

የመድረክ ጨዋታ ከመጋረጃው ጋር ይወርዳል። አብረዋቸው ከሠሩት መካከል በሕይወት ያሉትን ሞት ሳይቀድመን ጠይቀን እንጻፍ። አለዚያ ለልጆቻችን የምናወርሰው ግማሹን ተስፋዬ ብቻ ነው።