የደምበጊና ታንክና ዘማች፦ የቪኜት ሥራን ስለ መመዘን

ንኡስ ሞዴል ማለት የአንድ ተሽከርካሪ፣ ሕንፃ ወይም ሰው ቅርጽ በተወሰነ ምጣኔ አንሶ የሚሠራበት ጥበብ ሲሆን፣ ቪኜት የሚባለው ደግሞ አንድ ተሽከርካሪና ጥቂት የሰው ምስሎች በጠባብ መደብ ላይ ሆነው የአንዲት ቅጽበትን ድርጊት ብቻ የሚያሳዩበት የዚሁ ጥበብ ዘርፍ ነው፤ ሰፊ መልክዐ ምድርና ብዙ ድርጊት ከሚይዘው ከዲዮራማ የሚለየውም በዚህ ነው። ለወታደራዊ ተሽከርካሪዎች በብዛት የሚሠራበት ምጣኔ 1/35 ሲሆን፣ ይህም የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የፓንተር ታንክ ሞዴል ባትሪና ሞተር እንዲይዝ ተብሎ ከተወሰነለት መጠን የመጣ ነው። በዚህ ምጣኔ 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ መዛኙ ቁጥር 35ን ሳይዘነጋ ያየውን ሁሉ በእርሱ እያባዛ መፈተን ይጠበቅበታል።

የአመዛዘኑን መንገድ በአንድ ጉዳይ ላይ አድርጎ ማየት ይሻላል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጊና ላይ የኢጣሊያን ቀላል ታንኮች ገጥሞ ድል ማድረጉ ይታወቃል። ታንኮቹ ሲ.ቪ. 33 የሚባሉት፣ ከእንግሊዙ የካርደን ሎይድ ንድፍ ተነሥተው በፊያትና በአንሳልዶ የተሠሩት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙት፣ ክብደታቸውም ከ3 ቶን ብዙ የማይርቅ ነበሩ። ቁመታቸው 1.3 ሜትር ገደማ ስለነበር በ1/35 ምጣኔ 4 ሴንቲ ሜትር አይሞሉም፤ ስለዚህ በትክክል በተሠራ ቪኜት ላይ ባዶ እግሩን የቆመው ዘማች ከታንኩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ታንክ ሲባል ግዙፍ ነገር የሚጠብቅ ተመልካች በዚህ ሊደነቅ ይችላል፤ የእርሱን ግምት ለማርካት ሲል ታንኩን በጉብታ ላይ የሚያወጣ ወይም ሰዎቹን ሁሉ የሚያስጎነብስ ሠሪ ግን ታሪኩን ያዛባል። ከቁመቱም ይልቅ የሚያመዝን ሌላ ጉዳይ አለ። ሲ.ቪ. 33 የሚዞር ማማ አልነበረውም፤ መትረየሶቹ ከፊቱ ተተክለው በጠባብ ማዕዘን ብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ሊመቱ አይችሉም ነበር። ዘማቾቹን ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ደርድሮ የሚያሳይ ሥራ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሠሪው የውጊያውን ምክንያት እንዳልተረዳ ይመሰክርበታል፤ ከኋላ በኩል አድብቶ የሚቀርበውን ሰው የሚያሳየው ግን የታንኩን ድካምና የሰውየውን ብልሃት በአንድ አቀማመጥ ይናገራል።

የግንባታው ጥራት በአጭሩ የሚታይ ነው። የፕላስቲክ ቁርጥራጮቹ መጋጠሚያ በስቱኮ ተደፍኖ መለስለሱ፣ የግራውና የቀኙ ሰንሰለት እኩል መወጠሩ፣ መንኰራኵሮቹ ሁሉ መሬት መንካታቸው የመግቢያ ደረጃ እንጂ የብልጫ መለኪያ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር በተለይ ሊታይ ይገባል፦ የእውነተኛው ታንክ ወፍራሙ የፊት ብረት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለነበር በምጣኔው 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስለሚወፍር፣ ጠርዙ የሚታየውን የተከፈተ መዝጊያ ሞርዶ ያሳሳ ሠሪ ብረትን ብረት የሚያስመስለው ምን እንደሆነ ያወቀ ነው።

የሰው ምስል ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው። መዛኙ ፊቱን ከማየቱ በፊት እግሩን ቢያይ ይሻላል፤ ምክንያቱም የቆመ ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ ዝቅ ስለሚል፣ ይህ ሕግ የተጣሰበት ምስል ፊቱ ቢያምርም በድን ይሆናል። ቀጥሎ የሚታየው እጅ ነው። ውጅግራ ወይም ምንሽር የሚባለውን ጠመንጃ የያዘ መዳፍ ጣቶቹ በእንጨቱ ላይ ተጨብጠው በመካከሉ ብርሃን የማይገባበት መሆን አለበት። ከዚያም የዓይኑ አቅጣጫ ይመረመራል፤ ሁለት ዘማቾች ወደ ታንኩ እየሮጡ ዓይናቸው ግን ባዶ ሜዳ ላይ ካረፈ፣ ምስሎቹ ለየብቻ ተሠርተው በኋላ በአንድ መደብ ላይ መለጠፋቸው ይጋለጣል።

ልብሱና ቆዳው ረዘም ያለ ትኩረት ይሻሉ። ሸማን መቀባት የቀለም ባለሙያን ከሚፈትኑ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ነጭ ቀለም በሙሉ ስፋቱ ከተቀባ እጥፋቱ ይጠፋል፣ ጥላው በጥቁር ከተሠራ ደግሞ ልብሱ ቀዝቃዛና ብረት መሳይ ይሆናል። ጥሩ ሠሪ ከአፈር የተቀራረበ ፈዛዛ ቡናማን መነሻ አድርጎ፣ ጥላውን በሞቃት ግራጫ አጥልቆ፣ ንጹሑን ነጭ ፀሐይ በቀጥታ ለሚመታው የእጥፋት ጫፍ ብቻ ያስቀምጠዋል፤ ሳምንታት የተጓዘ ዘማች ሸማም በእውነቱ የሚመስለው እንዲሁ ነው። አንዳንዶች ለእውነተኛነት ብለው የጥጥ ጨርቅ ቆርጠው በምስሉ ላይ ያለብሳሉ፤ ነገር ግን 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር በ35 ሲባዛ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ገመድ ስለሚሆን፣ ዘማቹ ሸማ ሳይሆን መረብ የለበሰ ይመስላል። የጠይም ቆዳ አቀባብም ከዚህ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለአውሮፓውያን ምስሎች የተለመደው ዘዴ ለብርሃኑ ቦታ ነጭ መጨመር ሲሆን፣ ይህ በጠይም ፊት ላይ ሲደረግ ቆዳውን አመድማ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከቀይ ቡናማና ከወርቅማ ቢጫ ተቀምሞ፣ በላዩም ቀጭን የላብ ወዝ ታክሎበት መውጣት አለበት። አመድማ ፊት የታየበት ሥራ በሌላው ሁሉ ቢሟላም ከፍተኛውን ማዕረግ ሊያገኝ አይገባም፤ ሠሪው ለብረቱ የሰጠውን ትጋት ለሰውየው ነፍጎታልና።

መሬቱ ወቅትን ይናገራል። ታኅሣሥ ዝናሙ ካቆመ የቆየበት፣ ሣሩ የደረቀበትና መንገዱ የሚቦንንበት ወር ነው። የሞዴል ሠሪዎች ልማድ በአብዛኛው ከአውሮፓ የጦር ሜዳዎች ፎቶግራፍ የተቀዳ በመሆኑ ሰንሰለትን በወፍራም ጭቃ መሙላት እንደ ሙያ ምልክት ይቆጠራል፤ በደምበጊናው ታንክ ላይ ግን ጭቃ ስሕተት ነው። እዚያ የሚፈለገው ከታችኛው አካል ላይ በርከት ብሎ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ የሚጠራቀም፣ የሰዎቹንም እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያለብስ አቧራ ነው። በታንኩ ላይ ያለው አቧራና በእግሮቹ ላይ ያለው አቧራ በቀለም ከተለያዩ ሁለቱ በአንድ መንገድ አልመጡም ማለት ነው። የአፈሩም ቅንጣት በምጣኔው መለካት አለበት፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጠጠር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ድንጋይ ስለሚሆን፣ ከደጅ የተዘገነ አፈር ሳይነፋ ከተበተነ መሬቱ ታንክ የማያልፍበት የድንጋይ ክምር ይሆናል።

በ1963 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበርና እርሱን የመሰሉ ስብስቦች በውድድሮቻቸው ለመሠረታዊ የግንባታ ጥራት ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ፤ ይህም ዳኞች በቀላሉ ሊስማሙበት የሚችሉት ጉዳይ ስለሆነ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በቪኜት ምዘና ላይ ያልተደፈነ አንድ መጋጠሚያ ያለበት፣ ነገር ግን ማሽኑ፣ ሰውና መሬት አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ የሚመሰክሩበት ሥራ፣ እንከን የሌለው ታንክ ከበድን ምስሎች ጋር ከቆመበት ሥራ ይበልጣል።

ለሽያጭ የሚቀርቡት ዝግጁ ምስሎች በአብዛኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓና የአሜሪካ ወታደሮች በመሆናቸው፣ የ1928ቱን ዘማች የሚሠራ ባለሙያ አካሉን ከሌላ ምስል ወስዶ ልብሱን፣ ዝናሩንና ጠጉሩን በሚጠጥር ሊጥ በእጁ መቅረጽ ይኖርበታል፤ ለዚህም ድካም የሚያስፈልገው መመሪያ የዘመኑ ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ በቤታቸው የአባቶቻቸውን የዘመቻ ፎቶግራፍ፣ ዝናር ወይም ጠመንጃ ያቆዩ ሰዎች ቅርሱን በጥንቃቄ እንዲይዙና መለካት ለሚፈልግ ባለሙያ እንዲያሳዩ አደራ ይባላሉ።