ማን ደፈረ ሳይሆን ምን ተደፈረ

ወደ አርትዖት ሥራ አዲስ የሚገቡ ወጣቶች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ውጤቱን ሳያውቅ ሀብቱን ወይም ሕይወቱን አሲዞ ወደ ሥራ የሚገባን ሰው ምን እንበለው? ግማሾቹ «ሪስክ የሚወስድ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ደፋር» ብለው ያልፋሉ። ሁለቱንም እሰርዛለሁ። አደጋ ይደርሳል፣ ያጋጥማል እንጂ አይወሰድም፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የ«ደፋር» ጉዳይ ግን ጠለቅ ያለ ነው። «ደፈረ» ተሳቢውን አጥብቆ የሚፈልግ ግሥ ነው፤ የተደፈረው ነገር እስኪነገር ድረስ ሙገሳ ይሁን ነቀፌታ አይለይም። ችሎት ይደፈራል፣ ታቦት ይደፈራል፣ ድንበር ይደፈራል፣ ሽማግሌ ይደፈራል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 የሚቀጣው አስገድዶ መድፈርም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። አንባቢ «ደፋር ነጋዴ» የሚል ሐረግ ሲያገኝ ይህ ሁሉ በጆሮው ውስጥ አለ።

የሰሜን ሸዋ ደጋ የቃሉን ሁለት ፊት አጥርቶ ያሳያል። መንዝ ጌራ ያለውን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጠውን የጓሳ ምድር የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እስኪደርስ ድረስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ጓሳውን ደፈረ፤ ደፋር ቢባል ስሙ ጠፋ ማለት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ደግሞ ጓሳው ለመጣ ለሄደው ተደፈረ። እዚያው ደጋ ላይ ግን የበልጉ ዝናብ መዝለቁን፣ ውርጩ ማለፉን ሳያውቅ ያለችውን ገብስ ደፍሮ የሚዘራ ገበሬ አለ። በመርሐ ቤቴ በኩል ክረምት ላይ የጀማን ወንዝ ደፍሮ የሚሻገር አለ። በ1928 ጣሊያን አገር ደፈረ፤ ሚያዝያ 26 ቀን አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን ጦር ደፍሮ ገጠመው። ግሡ ለወራሪውም ለአርበኛውም አንድ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ተሳቢውና ተከትሎ የሚመጣው ሥራ ነው። ስለዚህ ሙገሳው የሚያምረው «ደፍሮ» በሚለው ቦዝ አንቀጽ ነው፦ ደፍሮ ዘራ፣ ደፍሮ ጠየቀ፣ ደፍሮ መሰከረ። «ደፋር» ብሎ ማቆም ሥራውን ጥሎ ጠባዩን ብቻ ማንጠልጠል ይሆናል።

ቋንቋ ይለወጣል፣ ዛሬ «ደፋር ጋዜጠኛ» ምስጋና ነው የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ ግን እዚያ ጋዜጠኛው የደፈረው ባለሥልጣንን መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ ተሳቢው ሳይጻፍ ይሰማል። በ«ደፋር ነጋዴ» ግን ምን እንደተደፈረ አይሰማም፤ ገበያውን ይሁን ደንበኛውን፣ ወይስ ሕጉን? «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለውም ተረት ደፋሩ እንደሚያመልጥ እንጂ ትክክል እንደሆነ አይናገርም። «ጀግና»፣ «ጎበዝ» አሉልን እኮ የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በአርበኝነቱ ዘመን የጎበዝ አለቃ ትልቅ ማዕረግ ነበርና። ሆኖም ሁለቱም በአብዛኛው ሥራው ከታየ በኋላ ሌሎች የሚሰጡት ስም ናቸው። ደፍሮ የዘራ ገበሬ ግን ገና ምንም አልታየለትም። አዝመራው ከሰመረ ጎበዝ ይባላል፤ ውርጭ ከመታው ማንም ጎበዝ አይለውም፣ ደፍሮ መዝራቱ ግን አይሻርም። ሥራዬን የምወደው ለእንዲህ ያለው ሰው አማርኛ ቃል ስላዘጋጀለት ነው፤ ለዚህም ነው «ሪስክ ወሰደ» የሚል ረቂቅ በመጣልኝ ቁጥር ከኅዳጉ ላይ «ምንን ደፍሮ?» ብዬ ለጸሐፊው የምመልሰው።