የልብስ ቅድና የኮምፒዩተር ቢላዋ

መስከረም በጠባ ቁጥር በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ከተሞች የልብስ ሰፊዎች በረንዳ በወላጆችና በተማሪዎች ይጨናነቃል። የሚጠበቀው የደንብ ልብስ ነው። ባለሙያው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የልጁን ትከሻና ወገብ ይለካል፤ በጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሠምራል፤ ከዚያም መቀሱን ያነሣል። የስፌት መኪናው ድምፅ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በልብስ ሥራ ላይ የሚሰነዘረው ሂስ ግን ዘወትር የሚያተኩረው በስፌቱ ጥራት፣ ቢበዛም በቀለሙና በጥለቱ ምርጫ ላይ ነው። የልብስ መሠረቱ ቅዱ መሆኑ ይዘነጋል።

በኮምፒዩተር እየተመራ ጨርቅ የሚቆርጠው መሣሪያ ብቅ ያለው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን፣ የፈጠራው ባለቤት በቪየና ተወልዶ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ጆሴፍ ገርበር ነበር። ይህ ሰው በተማሪነቱ ዘመን የመጀመሪያውን መለኪያ የሠራው ከፒጃማው ወገብ ላይ በወሰደው ላስቲክ መሆኑ ለልብስ ሰፊዎች ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ንድፍ አውጪው አንዱን ልክ በስክሪን ላይ ይሥላል፤ ኮምፒዩተሩ በተሰጠው ደንብ መሠረት ያንኑ ወደ ትንሽና ወደ ትልቅ ልኮች ያባዛዋል። ቀጥሎም እጅጌው፣ ኮሌታውና ደረቱ በጨርቁ ወርድ ላይ እንዴት ተጠጋግተው ቢደረደሩ ቁርጥራጩ እንደሚያንስ ያሰላል። ጨርቁ በጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ ሲነጠፍ አየሩ ከሥር እየተሳበ ድርብርቡን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ቢላዋም መስመሩን ተከትሎ ይቆርጣል።

ይህን ከበረንዳው መቀስ ጋር አነጻጽሮ እጁን ማወደስና ማሽኑን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች ኮሌታ የአንዱ ተንጋዶ፣ የሌላው ሰፍቶ የሚታየው ንድፉ በወረቀት እንኳ ሳይያዝ በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚሠመር ነው። ባለሙያው ዕውቀቱን ጽፎ አላስቀመጠም፤ እርሱ ሲያርፍ ቅዱም አብሮት ያርፋል። የሚባክነው ጨርቅ ደግሞ ከወላጅ ኪስ የወጣ ነው።

ማሽኑ ባለበት ስፍራ የሚጎድለው ሌላ ነው። ከመቱ በበደሌ በኩል የሚደረስባት ጅማ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል፤ የሐዋሳው ደግሞ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቷል። በእንዲህ ያሉ ፓርኮች ለውጭ ገበያ የሚመረተው ልብስ ንድፉ በአመዛኙ ከገዢው የሚላክ ነው። ሠራተኛዋ እጅጌ ብቻ ወይም ኪስ ብቻ ስትሰፋ ትውላለች፤ ሙሉው ልብስ ከማን አእምሮ እንደ ወጣ የሚነግራት የለም። አገሪቱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ ይህ ድክመት ተጋለጠ። ትእዛዝ ሲጠፋ የራስን ልብስ ለመቅደድ የስፌት ፍጥነት ብቻውን አይበቃምና።

በሸማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የጥበቡ ስፍራ ገና ከሸማኔው እጅ ሳይወጣ ተወስኗል፤ አንዱ ሸማ ከሌላው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ስለዚህ ደራርቦ በአንድ ቢላዋ መቁረጥ ጥለቱን ማበላሸት ነው። ቅዱ ለጥበቡ ይታዘዛል እንጂ ጥበቡ ለቅዱ አይታዘዝም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የልብስ ንድፍ የሚማሩ ወጣቶች በእነዚህ በረንዳዎች የሚያገኙት ብዙ ነው። የከተማው ልብስ ሰፊ በተማሪ ሱሪ ግርጌ ሰፋ ያለ እጥፋት ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ በሚቀጥለው መስከረም ይፈታል፤ ያልወየበውም ጨርቅ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይታያል። ለኮምፒዩተሩ ይህ እጥፋት አንድ ቁጥር ነው። ከሩቅ ተነድፎ በተቆረጠው ሱሪ ላይ ግን አይገኝም፤ ቁጥሩን ያስገባው ሰው እናቲቱን አልጠየቃትም።