በኪታ ጊመልና በዳሌት መካከል ያለው መደርደሪያ

ዘንድሮ እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ የተመደበች አንዲት መምህርት የመምህራኑን የጋራ መጻሕፍት ክፍል እንዳየች፣ አዲስ መምህር ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀች፤ «የመጽሐፉ የንባብ ደረጃ በቀለም ጀርባው ላይ ለምን አይለጠፍም? ለመፈለግ ይቀል ነበር።»

ይቀላል። ክፍሉን የማደራጀው እኔ ግን አልለጥፍም። የደረጃው ቁጥር በኋለኛው ሽፋን ውስጥ በእርሳስ ይጻፋል፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ስድስት ቅጂ አንድ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ የወሰደ መምህር ስሙን ካርድ ላይ ጽፎ በቦታው ይተዋል። መጽሐፉ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ደረጃውን ልጁ ማወቅ የለበትም። ቀለም በተለጠፈበት አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹ ወዲያው «አንተ ገና ቢጫ ነህ» መባባል ጀምረው ነበር። በፊደል የሚሰጠውን የአሜሪካኑን የንባብ ደረጃ ያወጡት ፋውንታስና ፒኔል ራሳቸው እንኳ፣ ደረጃው ለመምህሩ ሥራ እንጂ ለልጁ መጠሪያ እንዳልሆነ ጽፈዋል።

የኔ ዋና ጭቅጭቅ ግን ሌላ ነው። ከቂርያት መላኺ እስከ ያቭኔ በየትምህርት ቤቱ፣ ለእንግሊዝኛ የተሠራውን ሠንጠረዥ ዕብራይስጥ ላይ የሚጭን አማካሪ አይጠፋም። የቃሉን ብዛት፣ የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት፣ ሥዕሉን ይቆጥራል። ይቁጠር፤ የዕብራይስጥ ትልቁ ዳገት ግን እዚያ ውስጥ የለም። የኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የተቀረጸው፤ የማያውቁትን ቃል እንኳ ድምፁን ያወጡታል። ዕብራይስጥ አናባቢውን የሚያገኘው ከፊደሉ ሥር፣ ውስጥና ላይ በሚቀመጥ ነጥብና ሰረዝ፣ በኒቁድ ነው። ኪታ አሌፍና ቤት፣ ማለት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ በኒቁድ ያነባሉ፤ ጊመልና ዳሌት፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል፣ ላይ ኒቁዱ እየቀረ ይሄዳል። ያኔ ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚል ጽሑፍ «መጽሐፍ» ይሁን «ፀጉር አስተካካይ» ወይም «ቆጠረ» የሚለየው፣ ልጁ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካወቀው ነው።

በቤተሰቡ ዘንድ የመጽሐፍ ዕብራይስጥ ያልሰማ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኪታ ቤት ላይ አንበልብሎ ያነበበው ልጅ ኪታ ዳሌት ላይ ድምፁ ይጠፋል፤ «ሰነፈ» ይሉታል። አልሰነፈም፣ ኒቁዱ ተነሳበት እንጂ። የመጽሐፍ በጀት ግን በየዓመቱ ወደ አሌፍ ይነጉዳል፤ ለጋን፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ልጆችማ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲፍሪያት ፒጃማ የሚባለው ፕሮግራም መጽሐፍ በነፃ ያድላል። መሃሉ ባዶ ነው። እኔ የምታገለው ከባድ ቃሎቹ ላይ ብቻ ኒቁድ ላለበት መጽሐፍ ሰፊ መደርደሪያ እንዲሰጥ ነው። እንዲህ ያለው ሲጠፋ ራሳችን እንሠራዋለን። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አስነብበዋለሁ፤ ጣቱ አንድ ቃል ላይ ቆሞ ዓይኑ ወደ ሥዕሉ ከሸሸ ቃሉን ምልክት አደርጋለሁ። ከመቶ ቃል ከአሥር በላይ ከሳተ መጽሐፉ ከብዶታል፣ ይመለሳል። ከዚያ ካነሰ ምልክት ያደረግኩበትን ቃል ኒቁድ በቀጭን እርሳስ በስድስቱም ቅጂ ላይ እጨምራለሁ። መጽሐፍ ታበላሻለህ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ነገሩ የግሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ስንመጣ ዕድሜዬ ለኪታ ዳሌት ደርሶ ነበርና፣ ኒቁዱን ሳልጠግበው ኒቁድ የሌለው መጽሐፍ እጄ ላይ ተቀመጠ። ጎንደር እያለን ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ያነብ የነበረው አባቴ፣ እዚህ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣውን ወረቀት ይዞ እኔን ይጠብቃል። ግማሹን በግምት አነብለት ነበር፤ እሱም ግምቴን ያውቀው ይመስለኛል፤ «እስቲ ድገመው» ይለኝ ነበር። ልጅ ሲያነብ ገምቶ ያለፈውን ቃል የምሰማበት ጆሮ ያኔ የተገራ ነው።

ቂርያት መላኺ ከመምህራኑ መደርደሪያ አጠገብ ባንድ በኩል አማርኛ፣ ባንድ በኩል ዕብራይስጥ የተጻፈባቸውን ጥቂት መጻሕፍት ለብቻ አስቀምጫለሁ። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው አንዱን አነሱና «ልጄ፣ ይኼንንስ እኔም አነበዋለሁ» አሉኝ። እያንዳንዷን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ አነበቡ፤ ልጁ ደግሞ የዕብራይስጡን ገጽ በጣቱ ይከተላል። አንድ ባልደረባዬ እነዚህንም በደረጃ እንከፋፍላቸው ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ካርድም የላቸውም፤ የወሰደ ይውሰድ፣ ሲጠፉ ሌላ እንገዛለን።