ምስጋና ለአረንጓዴው ጎማ

በፎርሙላ ዋን ምስጋናው ሁልጊዜ የሞተር ነው። እኔ የማደንቀው ግን ጎኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያለውን የካፊያ ጎማ ነው። ጥርሱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 30 ሊትር ያህል ውሃ ይገፋል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ በተደረገው ውድድር ሹፌሩ ሉዊስ ሃሚልተን ከ6ኛ ቦታ ተነሣ። በ8ኛው ዙር የተገጠሙለትን አራት አረንጓዴ ጎማዎች እያባበለ 50 ዙር ነዳባቸው። ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ሆኑ፤ አስፋልቱም እየደረቀ ስለነበር ሊሾነታቸው ጠቀመው። ሁለተኛውን በ31 ሰከንድ ቀድሞ 7ኛ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ።

ይህ ጎማ ባይኖር ካፊያ በጣለ ቁጥር ምርጫው መንሸራተት ወይም መዘግየት ይሆን ነበር። ለስላሳ እግርና ትዕግሥትም ከፈረስ ጉልበት እኩል የሚመዘኑበትን ቀን ባላየን ነበር።