ቤት የእግዜር፣ ቁልፉ የአከራይ

እኛ አገር በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ለተጣራ እንግዳ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው!» ደግ ቃል ነው። ጣጣው የሚመጣው እንግዳው ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ሳይሆን አንዲት ክፍል የሚከራይ የወር ደሞዝተኛ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ይዘንባል፤ «ልጅ አላችሁ? እንግዳ ይበዛል? በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራላችሁ?»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው ነገር ነበር፤ ታሪኩን የሚነግረን ማነው? ሳይናገር የቀረውስ? የቤት ኪራይ ወሬያችንም እንዲህ ቢነበብ ብዙ ያሳያል። ተራኪው ሁልጊዜ አዲስ አበባ ነው። ትንሽ ከተማ ስትነሳ «እዚያማ ኑሮ ርካሽ ነው» ተብላ ትታለፋለች። እስቲ ዛሬ ወሬውን ከሀዲያዋ ጃጁራ እንጀምረው።

እንዲህ ወዳለች ከተማ የተመደበ ጀማሪ መምህር ቤት የሚያገኘው በማስታወቂያ አይደለም። ሻይ ቤት ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁን ይጠይቃል፣ ቀድሞት የመጣ ባልደረባውን ያስቸግራል። የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የጓሮ ክፍል ነው፤ ሰዉ «ሰርቪስ» የሚለው። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ቆጣሪ። ኪራዩ ከአዲስ አበባው ያንሳል፤ አልክድም። ግን ኪራይ ውድ ነው ርካሽ ነው የሚባለው በሌላ ከተማ ዋጋ ተለክቶ ነው ወይስ በተከራዩ ኪስ?

ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋው ምንድነው? በ1990ዎቹ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ጀመረ። የተሳካለት ገንዘብ ላከ፤ በሆሳዕናና በአካባቢው ከተሞች ቦታ ተገዛ፣ ቤት ተሠራ። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ በነፍስ የተገዛ ገንዘብ ነውና። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ሞተው መገኘታቸውን፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው መባሉንም አንረሳም። ነገር ግን የከተማው ቦታ በራንድ ሲገመት፣ የመምህሩ ደሞዝ በብር ይከፈላል። ሁለት ገንዘብ በአንድ ግቢ ተገናኙ ማለት ነው። አንዳንዱ ያማረ ቤት ደግሞ ባለቤቱ እስኪመለስ ተቆልፎ ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ ተከራዩ በአጥሩ ጥግ እያለፈ ክፍል ይፈልጋል።

«መንግሥት ዋጋ ይቁረጥ!» የሚል አይጠፋም። ተቆርጦ አይተናል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ኧረ እንዲያውም ብዙው ቤተሰብ በዚያ ኪራይ ልጅ አሳደገ። ቤቱ ግን አርጅቶ ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚያድሰው ጠፋ፤ የሚያከራይ ቤት ልሥራ የሚልም አልነበረም። ርካሽ ኪራይ ብቻውን ቤት አይሠራም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ከዚህ የተሻለ አስቧል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪውም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው አይሁን ይላል። እንደ ጽሑፍ ካየሁት ባለታሪኩን በደንብ ያውቀዋል። ባለታሪኩ ግን የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሰው ነው፤ የክልል ከተሞች የሚገቡበት ክልሎች ሲወስኑ ነው።

ውሳኔው ቢመጣ እንኳ በትንሽ ከተማ ሌላ ችግር አለ። አከራይና ተከራይ በአንድ ዕድር ይገናኛሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ውላቸው አፍ ለአፍ ነው። «ልጄ ሊያገባ ነውና ክፍሉን ልቀቅልኝ» ሲባል ማን ይከሳል? ተከራዩ ፍራሹን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ክፍሉም በወሩ ጭማሪ ለሌላ ይሰጣል። አከራይዋም ብዙ ጊዜ ከዚያች ክፍል ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የሌላት እናት ናት፤ እሷን ጨካኝ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፣ ግን ሐሰት ነው።

እኔ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ሁለት ምስክር ያለበት አንድ ገጽ ውል ቀበሌው ይዝገብ፤ ያ ገጽ ለተከራዩም ለአከራይዋም ዋስትና ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በማኅበር ለሚደራጁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ቦታ ሲሸነሽን ከወረፋው መጨረሻ አያስቀምጣቸው።

ይህ ካልሆነ ምን ይመጣል? ምንም ጫጫታ አይሰማም። መምህሩ በዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል፤ ተተኪው እስኪመጣ ሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜውን በጩኸት ያሳልፋል። የዚያችን ሰርቪስ ቤት የኪራይ ጭማሪ በመጨረሻ የሚከፍሉት እነዚያ ልጆች ናቸው።