ክዳኑን ማን ይጠግነዋል?

አማርኛ ለግንባታ አንድ ግሥ ብቻ አይበቃውም። ጎጆ ይቀለሳል፣ ካብ ይካባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቤተ መቅደስ ይታነጻል። «ጎጆ ወጣ» ሲባል ደግሞ ነገሩ ከእንጨትና ከሣር አልፎ ትዳር መያዝ፣ ራስን ችሎ ከጎረቤት መቆጠር ይሆናል። «ሥነ ሕንፃ» የሚለው ስያሜ ግን ከመታነጹ ወገን ብቻ የተቀዳ ነውና አንባቢው ሲሰማው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ፎቅ ነው። ስለ ገጠር ግንባታ የሚጻፈው ሒስ ማነከስ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፤ «ያምራል ወይ?» ይላል እንጂ «ሲያፈስ ማን ይወጣበታል?» አይልም።

ኮንሶ ለሁለተኛው ጥያቄ የቆየ መልስ አላት። በኮረብታ ላይ የተቆረቆሩት ከተሞቿ ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ ቅጥር የታጠሩ ናቸው። ዳገቱን የያዘው የእርከን ካብ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሕያው ባህል መሆኑን መስክሮለታል። ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካቡን ነው። ከተማዪቱን ያቆማት ግን ሞራ የሚባለው የጋራ አደባባይና በውስጡ የሚሠራው ቤት ነው፤ በአንዳንዱ ከተማ የሞራው ቁጥር እስከ 17 ይደርሳል። ሽማግሌው ከሥር ተቀምጦ ይመክራል፣ ጎረምሳው ከላይ ቆጡ ላይ ያድራል፤ እሳት ቢነሣ ወይም ጠላት ቢመጣ ደራሹ እዚያው አለ። ካቡ ሲናድ የሚክበው፣ ክዳኑ ሲያረጅ የሚያድሰው ያው በጥላው የሚቀመጠው ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን ሣር ክዳንን ከሩቅ ሆኖ ማሞገስ ያዋጣል ማለት አይደለም። ሣር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ እሳት ይፈራል፣ ግጦሹና እርሻው በተጣበበበት አገር እንደ ልብ አይገኝም። ቆርቆሮ የገዛ ገበሬ ውበትን አልካደም፤ ሒሳብ ሠርቷል። ነቀፌታው መሰንዘር ያለበት በአመታቱ ላይ ነው። ያለ ኮርኒስ በጠባብ ክፍል ላይ የተመታ ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ዝናብ ሲጥል የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። በየገጠሩ የሚቆመው የብሎኬት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ንድፉም ግንበኛውም ከከተማ መጥተው ከተማ ይመለሳሉ። በኋላ መስኮት ቢሰበር ለወረዳ ደብዳቤ ይጻፋል፤ በጀት ይጠበቃል።

ያንኑ ቆርቆሮ በሌላ መንገድ የተጠቀመበት መንደር በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ ይገኛል፤ ጋንዶ ይባላል። የመንደሩ አለቃ ልጅ ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ገና በበርሊን ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ያሠራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 የአጋ ኻን ሽልማትን አገኘ። ኬሬ ራሱ በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አርክቴክት ሆነ። አድናቆቱ ሁሉ ያረፈው በአፈር ጡቡ ላይ ነው፤ የመንደሩ ሰው ግን ጭቃ በክረምት እንደሚፈርስ ከማንም በላይ ያውቅ ነበርና መጀመሪያ ተጠራጥሮት ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ኬሬም አልናቀውም። አፈሩን በጥቂት ሲሚንቶ አጠነከረ፤ ኮርኒሱን በጡብ ሠርቶ ክፍተት ተወለት፤ ቆርቆሮውን ከክፍሉ አርቆ በቀጭን ፌሮ ተሸካሚ ላይ አሳረፈው። የጋለው አየር በመካከል ይወጣል፣ ሰፋ ብሎ የተዘረጋው ጠርዝ ግድግዳውን ከዝናብ ይከልላል። ሥራው በአማርኛ ደቦ ሊባል በሚችል መንገድ፣ በነዋሪው ጉልበት ተሠራ፤ መጋዝና ብየዳ የማያውቅ ወጣት እዚያው ተማረ። ንድፉ የመንደሩ እጅ ሊደርስበት በሚችል ልክ መቆረጡ ከመልኩ ይልቅ ሊመሰገን ይገባዋል።

የተማሪው ቁጥር ከ120 ወደ 700 አደገ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ ከተማን ያያል፤ ብየዳ የተማረ ወጣትም ሙያውን ይዞ እንጀራ ወዳለበት ይሄዳል። በኮንሶም ጎረምሳው ለትምህርትና ለሥራ ሲርቅ የሞራው ቆጥ ባዶ ማደሩ አይቀርም። መልካም ጣሪያ ለዚህ መድኃኒት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ጋንዶ ቢያንስ ጉዳዩን ከሌላ ጫፍ ይዛዋለች፤ ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በዚያው አፈር የተሠራው የመምህራን መኖሪያ ነው፤ ከከተማ የመጣ መምህር ቤተሰቡን ይዞ እንዲሰነብት።